ጢስ ዓባይን መቼና እንዴት መጎብኘት ይሻላል

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ፏፏቴው ባይኖር ኖሮ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት የሚሆን ትንሽ ከተማ ናት። ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ አንድ ዋና መንገድና አንድ የትኬት መሸጫ ቢሮ አሏት። ከቢሮው ወዲያ ያለውን ሁሉ የወንዝ ዳር መናፈሻ ልንለው እንችላለን፤ ይሁንና አጥር የለውም፣ በር የለውም፣ አግዳሚ ወንበርም አልተደረደረበትም። ጎብኚው የሚራመድበት መንገድ ገበሬው ወደ ማሳው፣ ሴቶች ወደ ገበያ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ቦታ የሚሄድ ሰው ከተማ ውስጥ እንዳለ መናፈሻ ቲኬት ቆርጦ በፈለገው ቀንና ሰዓት ብቅ ቢል ያሰበውን ላያገኝ ይችላል። የጉብኝቱ ግማሽ የሚወሰነው ገና ከባሕር ዳር ሳይነሡ፣ ወሩንና ሰዓቱን ሲመርጡ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያ እንግዶቼን ይዤ የሄድኩት በሚያዝያ ነበር። ሽቅብ ቁልቁል ብለን፣ ላብ አጥምቆን፣ ከማዶ ካለው መመልከቻ ስንደርስ ያየነው ሰፊ ጥቁር ዓለት ነው፤ ከዓለቱም ጥግ እንደ መቀነት የቀጠነች ነጭ ውሃ ትወርዳለች። ከእንግዶቼ አንዱ ፏፏቴውን የሚያውቀው ድሮ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ከነበረው ሥዕል ነበርና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ብሩ ላይ ያለው ይኼ ነው?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ የመጀመሪያው ወቅት ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ይሁንና ፏፏቴውን ለማየት ለሚሄድ ሰው ዓባይ አንድ ማደሪያ እንዳለው ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ማደሪያውም ጣና ነው። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም ሐይቁ ውሃውን ተቀብሎ ቀስ እያለ ስለሚሞላና ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ከባሕር ዳር የሚወጣው ወንዝ ከፍ የሚለው ዝናቡ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄዶ በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ከሁሉም ጊዜ ያነሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ከፏፏቴው አጠገብ የሚገኘው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ያመነጭ ስለነበር ከወንዙ የሚወስደው ውሃ ብዙም አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የውሃው መጠን በበር የሚለካ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ውሃ እየጠለፈ መሥራት ጀመረ። የፏፏቴው መሳሳት የጎላው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሲመጣ ሁኔታው እንደገና ተለወጠ፤ ይህ ጣቢያ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳር በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚለቀው፣ በዚያ በኩል የሄደው ውሃ በጢስ ዓባይ በኩል ሳያልፍ ታች ወርዶ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በተጠባባቂነት ቢቆዩም፣ በሥራ ላይ በሚሆኑበት ቀን ፏፏቴው ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ባሕር ዳር ለሚገኝ አስጎብኚ ወይም ለሆቴልዎ እንግዳ ተቀባይ «ውሃው አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም፤ ወሩ መስከረም ቢሆንም እንኳ ከመጠየቅ አይቦዝኑ።

በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው። ውሃው ሙሉ ነው፤ ጭቃው ደርቋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደይ አበባውም ገና አልረገፈም። ቁመቱ ከ37 እስከ 45 ሜትር የሚገመተው ፏፏቴ ውሃው በሞላበት ጊዜ ወደ 400 ሜትር በሚጠጋ ስፋት ዓለቱን ሸፍኖ ሲወርድ ለምን ጢስ እንደተባለ ማንም ሳያስረዳዎ ይገባዎታል። ነሐሴ ላይ መሄድም ይቻላል፤ ነገር ግን አፈሩ ጥቁርና አጣባቂ በመሆኑ ጫማ ያስወልቃል፣ ጀልባውም ወንዙ ሲበረታ አይሠራም። በበጋው ማብቂያ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለድልድዩ፣ ለእግር ጉዞውና ለከተማዋ እንደሆነ አስቀድሞ ለራሱ ይንገረው፤ እንግዳም ካለው ለእንግዳው ይንገረው።

ጉዞው በጠዋት መሆን አለበት። ከባሕር ዳር መናኸሪያ ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄዱ መኪኖች የሚነሡት ሲሞሉ ነው፤ በ1 ሰዓት ወይም በ1 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ የደረሰ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ ከተማዋ ይገባል። የራስዎ ወይም የኮንትራት መኪና ካለዎት ለመሄጃ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይያዙ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ። በኮንትራት ሲስማሙ ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑንና ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅዎ አስቀድመው በግልጽ ይነጋገሩ፤ የተሟላው የእግር ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ «አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ» ያለ ሾፌር እርስዎ ገና ከማዶ ሳሉ ጡሩምባ መንፋት ይጀምራል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለ፣ በሚሄዱበት ዕለት ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ካሉ ሾፌሮች መጠየቅ ግድ ነው። ትናንት ክፍት ነበር ማለት ዛሬም ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ከተማዋ እንደገቡ መጀመሪያ ወደ ትኬት ቢሮው ይሂዱ። ፏፏቴው አጠገብ ሌላ ቢሮ ስለሌለ ያለ ደረሰኝ የሄደ ሰው መንገድ ላይ ተጠይቆ ሊመለስ ይችላል። ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች የሚከፈለው የተለያየ ስለሆነ መታወቂያዎን ይያዙ፤ ከውጭ የመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያቸውን ሆቴል ባይተዉ ጥሩ ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። መንገዱ ያን ያህል የሚያሳስት ባይሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አስጎብኚ ቢይዝ እመክራለሁ፤ ጀልባው ይሠራ እንደሆነ፣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትትና በማን ማሳ ዳር እንደሚታለፍ የሚያውቀው እሱ ነው። ዋጋውን ቢሮው ውስጥ፣ ሌላ ሰው በሚሰማበት ቦታ ይስማሙ።

መንገዱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። አንደኛው ከፏፏቴው በታች ባለው የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ማዶው መመልከቻ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚደርሰው ነው። ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ የጀልባው መንገድ ይሻላል፤ አጭርና ሜዳማ ነው። ሌላው ሰው ግን በድልድዩ ሄዶ በጀልባው ይመለስ። በተቃራኒው የዞሩ ሰዎች ፏፏቴውን ገና በመጀመሪያ አይተውት ድልድዩን በድካም ሰዓት ያገኙታል፤ ደክሟቸው ደግሞ ቆመው አያዩትም።

ድልድዩ ግን ቆሞ የሚታይ ነው። ከከተማዋ ወጥተው በድንጋያማው መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ ሸለቆው እየጠበበ ይመጣና፣ ያ ሁሉ ስፋት የነበረው ወንዝ በሁለት ዓለቶች መካከል ገብቶ፣ በግፊያ እንደሚያልፍ ሰው ራሱን አጥብቦ ሲሄድ ያዩታል። ድልድዩ የተሠራው በዚህ በጠበበው ቦታ ላይ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1626 እንደተሠራና በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ይነገርለታል። ብዙ ሰው የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል፤ በዘመኑ አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ካህን ማኑኤል ደ አልሜዳ በጻፈው መሠረት ግን ሥራውን የመራው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ሲሆን፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይም የተገኘው እዚያው አጠገብ ከሚፈሰው የአላታ ወንዝ ዳር ነው። ድልድዩ አላታ የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። መሐሉ ላይ ቆመው ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ነገር ግን በግንቡ ላይ አይቀመጡ። ጭነት የያዘች አህያ ከመጣች ጠርዝ ይዘው ያሳልፏት፤ ቅድሚያ የእርሷ ነው፣ ጭነቱም ጎንዎን ሊመታዎ ይችላል።

ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት የጉዞው ከባዱ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ቤቶች መሐል ሲደርሱ ልጆች ይከተሉዎታል፤ አንዱ በዱላ ሊያግዝዎ፣ አንዱ ዋሽንት ሊነፋልዎ፣ አንዷ ቅል ወይም የአንገት ልብስ ልትሸጥልዎ ትፈልጋለች። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ ኪሱን ፈትሾ ሳንቲም ያድላል። ይህን ባያደርጉ ይሻላል፤ በትምህርት ሰዓት ዳገት ላይ ቆሞ ብር የሚያገኝ ልጅ ነገም እዚያው ይቆማል። መግዛት ከፈለጉ ዕቃውን የሠሩትን እናቶች ፈልገው ከእነርሱ ይግዙ፤ መርዳት ከፈለጉም ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ይስጡ። ሰው ፎቶ ማንሣት ሲፈልጉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ «እማማ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» ተብለው ተጠይቀው የሚቆጡ እናት አላየሁም፤ ሳይጠየቁ ተነሥተው የተቆጡ ግን አይቻለሁ፣ እውነትም ነበራቸው።

ከዳገቱ ራስ ላይ ሲደርሱ ፏፏቴው ፊት ለፊትዎ ይዘረጋል። ቀስተ ደመና ማየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይን በጀርባው ማድረግ እንዳለበት ያስታውስ፤ ጢሱ ከፊት፣ ፀሐይ ከኋላ ካልሆኑ ቀስተ ደመናው አይታይም። የቆሙበት ዳርና ውሃው የሚወርድበት ጥቁር ዓለት የእሳተ ገሞራ ውጤቶች ናቸው፤ ከጥንት የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የጣናን ደቡባዊ ዳር ዘግቶ ሐይቁን እንዳቆረውና እስከዚህ ድረስ እንደዘለቀ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ይህ ገደል ለዓሣም ድንበር ነው። ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣ ስለማይችል፣ በጣና ውስጥ ካሉት ባርበስ ከሚባሉት የዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ለብቻቸው ተለይተው በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ሆነዋል፤ ዩኔስኮም ጣናንና አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ) መዝግቦታል። እንግዲህ ምሳ ላይ የጣና ዓሣ ያዘዘ ሰው ፏፏቴውን ሲያይ አንድ የሚያስበው ነገር ይኖረዋል።

ከመመልከቻው ሳይመለሱ ወደፊት ቢቀጥሉ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በአላታ ላይ ወደተዘረጋው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ያደርስዎታል። ሲረግጡት ይወዛወዛል፤ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ ላይ ይትከል፣ አንድ አንድ እየሆናችሁም ተራመዱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ፏፏቴው ግርጌ ይደርሳሉ። ውሃው በቀነሰበት ወቅት በጣም መጠጋት ይቻላል። በ17ኛው መቶ ዘመን ወደዚህ የመጣው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ከውሃው መጋረጃ ጀርባ ካለ ዓለት ላይ ተቀምጦ በውሃው ውስጥ ቀስተ ደመና እንዳየ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው ብሎ ሎቦን በሐሰት ከሶታል። ማን ልክ እንደነበረ መወሰን የኔ ፋንታ አይደለም፤ የመጡበት ወርና የውሃው መጠን ግን ለክርክሩ መነሻ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። እርስዎ ይህን ለማረጋገጥ አይሞክሩ። ዓለቱ ጢሱ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት ያለበትና እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ነው፤ ባለ ጥርስ ሶል ጫማ ያላደረገ ሰው ከርቀት ቢያይ ይበቃዋል።

ስለ ውሃው አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ይገባል። ከፏፏቴው በላይም በታችም ወንዙ ረጋ ብሎ የሚታይበት ቦታ አለ፤ በሙቀት ሰዓት ለመታጠብ ያስጎመጃል። አይግቡ። በጣና ዙሪያና በዓባይ ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ ውሃውን አለመዋጥ ብቻ አያድንም። በላይኛው በኩል አዞ ሊኖር ይችላል፤ የወንዙም ጉልበት ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው አይደለም። የሚጠጣ ውሃ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ከባሕር ዳር ይያዙ፣ ባዶውን ላስቲክም ይዘው ይመለሱ፤ ማዶ ላይ ቆሻሻ የሚያነሣ የጽዳት ሠራተኛ የለም፣ ከብቶች ግን ያገኙትን ይበላሉ። ስልክዎን ጢሱ በሚደርስበት ቦታ በፌስታል ይጠቅልሉት። ባርኔጣና የዝናብ ልብስ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም የተጠቀምኩበት ጊዜ አለ።

የመመለሻው ጀልባ የሚነሣው ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ተዘርግቶ ከሚፈስበት ቦታ ነው። መሻገሩ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ከመሳፈርዎ በፊት የሰውን ቁጥር ይመልከቱ፤ የበዛ ከመሰለዎ የሚቀጥለውን መጠበቅ አያሳፍርም። ጀልባው የማይሠራበት ቀን ከሆነ በመጡበት መመለስ ብቻ ነው አማራጩ፤ ለዚህም ነው ገና ሲነሡ ትኬት ቢሮው ላይ መጠየቅ የሚገባው። ከተሻገሩ በኋላ እስከ ከተማዋ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ አያደክምም።

ከተማዋ ሲመለሱ ቶሎ ወደ መኪና አይሩጡ። ከሻይ ቤቶቹ ባንዱ ቁጭ ብለው ቡና ያስፈሉ። ምግብ ከፈለጉ ግን ከመሄድዎ በፊት አዝዘው ይለፉ፤ በትንሽ ከተማ ወጥ ሁልጊዜ ተሠርቶ አይጠብቅም፣ ጾም ከሆነም ያለው ሽሮ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚመለሱት መኪኖች ከ9 ሰዓት በኋላ እየሳሱ ስለሚሄዱ፣ አቦሉን እየጠጡ ለረዳቱ ቦታ እንዲይዝልዎ ይንገሩት፤ ቶናው ላይ መነሣት አለብዎ፤ በረካውን ለመጠጣት የቆየ ሰው ግን ወይ ኮንትራት ይከፍላል ወይ እዚያው ያድራል።